ባለ አንድ ቀለም የኢሞጂ ፎንትን ወደ ኢሞጂ 16 ሳሻሽል

ኢሞጂ 16 የተባለው የኢሞጂ ዝርዝር እትም በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የጨመረው 8 ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት፣ የጣት አሻራ፣ ቅጠል አልባ ዛፍ፣ ሥራ ሥር፣ ሃርፕ፣ አካፋ፣ ፍንጣቂ እና የሳርክ ደሴት ባንዲራ። መሣሉ ቶሎ አለቀ። ጊዜውን የበላው ቀለም በሌለበት አንዱን ከሌላው መለየትና የኢሞጂዎቹን መለያ ቁጥሮች (ኮዶቹን) ማገጣጠሙ ነው።

መጀመሪያ የዩኒኮድን (ለፊደላትና ለኢሞጂዎች ኮድ የሚሰጠውን ድርጅት) ኢሞጂ ቴስት ፋይል አውርጄ «ፉሊ ኳሊፋይድ» (ኮዳቸው የተሟላ) የሚሉትን መስመሮች በስክሪፕት ለቀምኩና ከአሮጌው ዝርዝር ጋር አነጻጸርኩ። አዲስ ኮድ ብቻ መፈለግ ያሳስታል፤ በቀደመው እትም በ15.1 ከተጨመሩት 118 ኢሞጂዎች አንዱም አዲስ ኮድ የለውም፣ ሁሉም የነባር ኮዶች ቅጥልጥል ናቸው።

ከሥዕሎቹ ያስቸገረኝ የጣት አሻራው ነው። በ72 በ72 ፍርግርግ ላይ፣ በ2 ውፍረት፣ አምስት ቅስት ሣልኩ፤ አጉልተው ሲያዩት ያምራል። በ16 ፒክስል ግን 2 ማለት 0.44 ፒክስል ነውና መስመሩ ግራጫ ሆኖ አሻራው የጭቃ ጠብታ መሰለ። መስመሩንም ክፍተቱንም 4 አድርጌ ቅስቶቹን ወደ ሦስት ስቀንስ ተለየ። አሁን ከ4 ያነሰ ክፍተት ያለው ሥዕል አላስገባም።

ፎንት የሚያውቀው የተሞላ ቅርጽን እንጂ የመስመር ውፍረትን አይደለም። ስለዚህ የሥዕል ፕሮግራም በሆነው ኢንክስኬፕ «ስትሮክ ቱ ፓዝ» (መስመርን ወደ ቅርጽ መቀየር) ቀጥሎም «ዩኒየን» (ቅርጾችን ማዋሃድ) አድርጌ ወደ ፎንት መሥሪያው ፎንትፎርጅ አስገባለሁ። የአካፋው እጀታ ቀዳዳ ጥቁር ሆኖ ከተሞላ የውስጡና የውጩ መስመር በአንድ አቅጣጫ እየዞሩ ነው፤ «ኮሬክት ዳይሬክሽን» ያቃናዋል።

ቀለም ማጣቱ ባንዲራዎች ላይ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማሳየት የማሊና የጊኒ ነገር ይበቃል፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በቁም ያላቸው ሲሆኑ የሚለያያቸው የቀለሙ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በአውሮፓ የአርማ ሥዕል ቀይን በቋሚ መስመር፣ ሰማያዊን በአግድም፣ ወርቃማን በነጥብ የመተካት የቆየ ልማድ ስላለ ሞከርኩት፤ በትንሽ መጠን ይደፈናል። ለባለቀለም ልቦች ሌላ መለያ ስለሌለ አቆየሁት፣ ባንዲራዎቹ ውስጥ ግን የአገሩን ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፍኩ። የቆዳ ቀለሞቹን አምስቱንም ከሰውየው ጋር በሊጌቸር (ተከታታይ ኮዶችን በአንድ ሥዕል በሚተካ የፎንት ሕግ) ወደ አንድ ግሊፍ (የፎንት ሥዕል) አያይዣለሁ፤ ካልተያያዙ ከጎኑ ባዶ ካሬ ይቆማል።

ቅጥልጥሎቹ የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ በቫሪዬሽን ሰሌክተር 16 (ከፊቱ ያለው ምልክት በኢሞጂ መልክ እንዲታይ በሚያዝ የማይታይ ኮድ) ነው። አንዳንድ ኪቦርድ ይልከዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል፤ ሁለቱንም መልክ በሊጌቸሩ ሠንጠረዥ አስገቡ። የሲማፑ (ኮድን ከሥዕሉ ጋር የሚያገናኘው የፎንቱ ሠንጠረዥ) ፎርማት 12 መኖሩንም አረጋግጡ፤ ፎርማት 4 ከ65,535 በላይ ያለ ኮድ ስለማይዝ አዲሶቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ከዚያ የቴስት ፋይሉን እያንዳንዱን መስመር ኮዶችን ወደ ግሊፍ በሚቀይረው ፕሮግራም በሀርፍባዝ አሳልፋለሁ፤ ከአንድ ግሊፍ በላይ የሰጠ መስመር ሁሉ የተሰበረ ነው።

የአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ለሚጠቀሙበት አንድ ነገር ልጨምር። ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች የቁልፍ ኢሞጂዎቹ መነሻ ስለሆኑ ፎንቱ ውስጥ አሉ። የኢሞጂው ፎንት ከግዕዙ ፎንት በፊት ከተጠራ «2017 ዓ.ም.» ላይ አራቱ አኃዞች የኢሞጂ ያህል ሰፍተው ተራርቀው ይወጣሉ። የግዕዙን ፎንት አስቀድሙ፤ እሱ አኃዝ ከሌለው ደግሞ ፎንቱ ለየትኞቹ ኮዶች እንደሚያገለግል በሚወስነው የሲኤስኤስ ትእዛዝ በ«ዩኒኮድ ሬንጅ» አኃዞቹን ከኢሞጂው ፎንት አስወጡ።