ፈንግል፣ ብልቃጥና የቧንቧ ውሃ

የ45 ቀን ዶሮ ስትገዙ ሻጩ «ክትባታቸውን ጨርሰዋል» ይላችኋል። እሱን ሰምታችሁ እንዳትተኙ። ሰውየው ዋሽቷል አልልም፤ እስከዚያ ዕድሜ የሚሰጠውን ጨርሰው ይሆናል። ዶሮን ለሚፈጀው በሽታ፣ ለፈንግል፣ ግን ተጨርሶ የሚያልቅ ክትባት የለም። ጫጩት ሳሉ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ኤችቢ ዋንም ሆነ በኋላ በውሃ የሚጠጣው ላሶታ የሚጠብቃቸው ለወራት ብቻ ነው፤ በየሦስት ወሩ ገደማ መደገም አለበት። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ጓሯችን ውስጥ ዶሮ የሚባል አልተረፈም። ኑሮ ትንሽ ሲረጋጋ ቦቫንስ የሚባል የፈረንጅ ዝርያ 30 ቄቦች ገዛሁ። ቤቱን ከእንጨትና ከጭቃ አሠራሁት፤ ፊቱ ወንፊት ሽቦ ነው፤ ሸለምጥማጥ ቆፍሮ እንዳይገባ ሽቦውን ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቀበርነው። ወለሉ ጭድ፣ በላዩ ቆጥ። ጭዱ ከረጠበ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት በሽታ ይመጣል፤ ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ እሱ ነው፤ ጭዱን በየጊዜው ቀይሩ። መኖው ፉርሽካ፣ የተከካ ማሽላ፣ የኑግ ፋጉሎና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነበር። አምስተኛ ወራቸው ላይ መጣል ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ የሚከብድ ነገር አልነበረም።

የከበደው ክትባቱን ማስደገም ነው። እንስሳት ጤና ኬላ ሄጄ ጠየቅሁ። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፤ «እትዬ፣ ዘመቻ እስኪመጣ ይጠብቁ» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያ በላይ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ አይቀመጥም፣ ለ30 ዶሮ ብሎ መክፈት ብክነት ነው አለ። የተናገረው እውነት ነው። ግን «ጎረቤት አሰባስቢና 100 አድርሺልኝ» ማለት ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! አላለኝም። ጠብቂ ተባልኩ፣ ጠበቅሁ።

ዘመቻው የደረሰው ክትባቱ መደገም ከነበረበት ጊዜ አልፎ ነው። ልጁ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ መጣና ብልቃጡን ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። ከኪስ! ይህ ክትባት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ቢሾፍቱ ተመርቶ ወረዳ እስኪደርስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። «በረዶውስ?» ብዬ ስጠይቀው «አሁን ነው ያወጣሁት» አለኝ። ከዚያ ከቧንቧ ውሃ በጄሪካን አስቀድቶ በጠበጠው። ውሃችን ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ደግሞ ክትባቱን ይገድለዋል። ዶሮዎቹ ጠዋቱን ሙሉ ሲጠጡ ነው ያረፈዱት፤ አስቀድሞ ውሃ ይነሡ ብሎ የላከብኝ ሰው የለም። ጠምቷቸው አልነበረምና ትንሽ ነካ ነካ አድርገው ተዉት፤ ውሃው እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ልጁ ቅጹ ላይ «30 ተከተበ» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ። የወረዳው ሪፖርት የተሞላው በዚያ ቁጥር ነው። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

በዓል ሲቃረብ ሰፈሩ በገበያ ዶሮ ተሞላ። ከአጥር ወዲያ የታሰረ አንድ አውራ ሲያነጥስ ሰምቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ የእኔዎቹ እንቁላል ቀነሰ፣ ቅርፊቱ ሳሳ። ቀጥሎ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ፤ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ፣ ክንፋቸውን መጣል ጀመሩ። በመጨረሻ የአንዳንዶቹ አንገት ተጠማዘዘ፤ ጥሬ ሊለቅሙ ጎንበስ ሲሉ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ይዞራል። ማየት አይቻልም።

ልጁን አስጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ አየና «ብርድ መትቷቸው ነው» ብሎ ኦክሲቴትራሳይክሊን አዘዘልኝ። ገዝቼ በውሃ ሰጠሁ። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ባለሙያ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ አምጥተው የረዱኝ ጎረቤቶቼም አላዳኑልኝም፣ እነሱ ግን ከልባቸው ነው። አጥር የምንጋራው ሀጂ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ይተካል» እያሉ ጉድጓድ አስቆፈሩልኝ። ከ30ው አራት ቀሩ።

በዚያ ሰሞን «ያልታመሙትን ቶሎ አውጥተሽ ሽጪ» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልሸጥሁም፣ በዚህ እኮራለሁ። በሽታው ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው እንዲያ ነው፤ የእኔም ቤት የገባው አንድ ሰው ቶሎ አውጥቶ ስለሸጠ ነው ብዬ አምናለሁ። የሞቱትን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ነስንሼ ቀበርሁ፤ ጭዱን አቃጠልሁ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁና ቤቱን ከወር በላይ ባዶ ተውሁት።

አሁን ዘመቻ አልጠብቅም፤ እናንተም አትጠብቁ። የጤና ኬላው ምክር ሌላ ነው፤ የእኔ ይኸው። ጎረቤቶቼን ዶሯቸውን አስቆጠርሁ፤ የሀበሻውም የፈረንጁም ተደምሮ ከመቶ አለፈ። ብልቃጡን ደሴ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት እንገዛለን። ከማቀዝቀዣ ሲወጣ በዓይናችን እናያለን፣ የሚያበቃበትን ቀን እናነባለን፤ በረዶ የሞላ ፔርሙስ ውስጥ ከተን በሚኒባስ እናመጣለን። የሚሰጠው በማለዳ ነው። ዶሮዎቹ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ውሃ አያገኙም። ውሃው የጉድጓድ ነው፤ በሊትር ሁለት ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት እንጨምርበታለን፤ ወተቱ ክትባቱን ይጠብቀዋል። ዕቃው ፕላስቲክ ሆኖ ሳሙና ያልነካው ይሁን፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲጠጡ ብዙ ዕቃ አስቀምጡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። የታመመ ዶሮ አይከተብም። ዶሯችሁ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ፤ ቢያደክምም እያንዳንዷ ድርሻዋን ማግኘቷን ታውቃላችሁ። ልጁ አሁን ስንጠራው ይመጣል፤ ፔርሙሱን ግን የምንይዘው እኛ ነን።

ሁለት ነገር ልጨምር። «የሀበሻ ዶሮ ጥቅም የላትም፣ አስወግጂ» ይሉኛል። እኔ ሁለት ገብስማ አሉኝ፣ አላስወግድም። ቦቫንስ አይታቀፍም፤ ጫጩት የሚያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ ጭልፊት ሲያንዣብብም መጀመሪያ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ሌላው፣ «በዐቢይ ጾም እንቁላል አይሸጥም» እያሉ ከሌላ አገር የመጣ ምክር የሚሰጡ አሉ። 55ቱን ቀን ክርስቲያን ደንበኞቼ ቢርቁም ሙስሊም ጎረቤቶቼ ይገዙኛል። ወሎ ከሆናችሁ ዋጋ ወረደ ብላችሁ ዶሯችሁን በጾም መግቢያ አትሽጡ።

ለበዓል የሚገዛ ዶሮን በተመለከተ ከሰፈሩ ሰው ጋር ተስማምተናል። ዕለቱን የሚታረድ ከሆነ ከግቢ በር ወደ ውስጥ አያልፍም፤ ላባውና የሆድ ዕቃው ይቀበራል፣ ለውሻ አይጣልም። ሊረባ የተገዛ ከሆነ ግን ለብቻው ሁለት ሳምንት ይታሰራል፤ መኖና ውሃ የሚሰጠውም ሰው መጨረሻ ላይ፣ የራሱን ዶሮዎች ካበላ በኋላ ነው።