ለድሮ ፔጆ ኮምፒዩተር አትመኑ

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ የሚነዳ ሁሉ ይህን የፊት ጎማ አቅጣጫ (አላይመንት) ጣጣ ያውቀዋል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የፊት ጎማው ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ መሪው አርፎ አይቀመጥም። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ጨጓራዬም ይተርፍ ነበር።

ድሬዳዋ ወርጄ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ አስገባሁት። ልጁ መሣሪያውን ጎማዎቹ ላይ አሰረና ስክሪኑ ላይ 404ን ፈለገ። የለም። ይህስ አይገርምም፤ ታክሲ የሚሆነው 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የሚያናድደው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሌላ አዲስ የፔጆ ሞዴል መርጦ ሥራውን ቀጠለ!

«ያ እኮ በፊት እግሩ የሚሄድ ነው፤ የእኔን የሚገፋው የኋላው ነው» አልኩት።

«አቦ፣ ፔጆ ፔጆ ነው» አለኝ።

አይደለም። የኋላ እግር ሲገፋ የፊት ጎማዎች ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቆመው ሳሉ አፍንጫቸው በትንሹ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ደግሞ ልጁ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን እንኳ አልወዘወዘም። ቴስቲኒው፣ ማለትም የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ፣ ላልቶ ከሆነ የተለካው ልክ መንገድ ላይ አይቆይም። አረንጓዴ ቀለም የሞላበት ወረቀት ሰጠኝ፤ ከፈልኩ። ደንገጎን ገና ስወጣ መሪው ያው ነው። ተመልሼ ስጠይቅ «ኮምፒዩተሩ ልክ ነው ብሏል» ተባልኩ። ታዲያ መኪናውን የሚነዳው ኮምፒዩተሩ ነው እንዴ? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ቤቴ ገብቼ በክሪክ አነሳሁትና ጎማውን በግራና በቀኝ ይዤ ወዘወዝኩት። ቋ ቋ አለ። ቴስቲኒ ቀየርኩ፣ ነፋስ እኩል አስሞላሁ።

ከሥራው ሁሉ ያለፋኝ ሜዳ ፍለጋው ነው። ሐረር ዳገትና ቁልቁለት ነች። በመጨረሻ የዘመድ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ አገኘሁ፤ በውሃ ልክ አረጋገጥኩት። መሪውን ቀጥ አድርጌ አሰርኩ። ከዚያ በሁለቱ የፊት ጎማዎች የፊት ገጽ መሐል ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ከምልክቱ ቱምቢ አውርጄ ሲሚንቶው ላይ ነጥብ ጣልኩ። መኪናውን ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር ወደፊት ገፋሁት። ያው ምልክት ወደ ኋላ ሲዞር እንደገና ቱምቢ። ምልክቱ ያው ስለሆነ ቸርኬው ቢጣመም እንኳ ልኩን አያበላሽም። ከግራው ነጥብ እስከ ቀኙ ነጥብ ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለካሁና፣ የፊቱ ከኋላው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪያንስ ድረስ የመሪውን ዘንጎች በግራም በቀኝም እኩል አዞርኩ። በአንድ ወገን ብቻ ካዞራችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠማማ ይሆናል።

መካኒኮች ባዶውን ለካ ይላሉ። አልሰማኋቸውም። ታክሲ ባዶውን መቼ ይሄዳል? የሰፈር ልጆች አስቀምጬ ነው የለካሁት። ደግሞ ከክሪክ እንደወረደ አትለኩ። ጎማው ቦታውን ሳይዝ ስለሚቀር መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ግፉት።

አሁን ሐረማያ ሜዳ ላይ መሪውን ለቀቅ ባደርገው እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የመሪ ዘንጎቹን ዳዶዎች ግን ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ፤ የአውራ ጎዳናው ጉድጓድ ያላላቸዋል።