ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው?

ትናንት ማታ «ዘ ሜግ»ን ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ልጽፈው ፈለግሁ።

ክረምቱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጉም ውስጥ ነው፣ ከሰዓት ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ደሴ በእንዲህ ያለ ቀን ከቤት አታስወጣም። እማዬ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ስታቀጣጥል እኔ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ላላየው ሰው፣ ፊልሙ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ነው። ጄሰን ስታተም ይሠራበታል። ቢያንስ 130 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ500 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ታሪኩ አጭር ነው። በዓለም ላይ ጥልቁ የባሕር ሸለቆ ከሆነው ከማሪያና ስርጥ ሥር ማንም ያላየው ዓለም ይገኛል፤ ከዚያ ድሮ ጠፋ የተባለ ሜጋሎዶን የሚሉት ግዙፍ ሻርክ አምልጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያገኘውን ይበላል።

እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የሚያሳፍረኝም ይሄው ነው። ሜጋሎዶን ከጠፋ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሞቅ ያለ ውሃ የሚወድ እንስሳ ነበር፤ ታዲያ ወደ 11,000 ሜትር በሚጠልቅ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ከ1,000 እጥፍ በላይ በሆነበት ብርድና ጨለማ ውስጥ ምን በልቶ ይኖራል? የሻርክ አጽም እንደ ጆሯችን ልል ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል። ከሜጋሎዶን በብዛት የተረፈን ጥርሱ ነው። ትልቁ 18 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከእጄ አንጓ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያቺ ሕፃን በባሕር ውስጥ በተሠራው የመስታወት ኮሪደር ብቻዋን ቆማ ያ አፍ ከጨለማው ሲመጣ አሁንም ትንፋሼ ቀጥ ይላል።

እማዬም ረከቦቱ ጋ እንደተቀመጠች ዓይኗን ሰቅላ ቀረች።

«ይሄ ሰውዬ ማን ይባላል?»

«ጆናስ።»

«ዮናስ?» ጀበናውን አስቀመጠችው። «ታዲያ ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው በለኛ!»

የነነዌን ጾም አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም። ያ አንበሪ ነው፣ ይሄ ሻርክ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

«አንበሪውስ ቢሆን ሦስት ቀን አቆይቶ ተፋው። ይሄኛው ምሕረትም የለው» አለችና ሁለተኛውን ቀዳች።

እኛ ቤት ከ2014 ወዲህ ተኩስ ያለበት ፊልም አይከፈትም። ያን ኅዳር ደሴ የነበረ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ጥይት ሲጮህ እማዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ እኔም ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሻርኩ ግን ቂም የለውም። የማን ወገን ናችሁ አይልም፣ በር አያንኳኳም። ይርበዋል፣ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት እማዬ ጎን ተቀምጬ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ እስከ መጨረሻው ልፈራው እችላለሁ፤ ሲያልቅም እተኛለሁ። ለዚህ ነው የምወደው።

ጸጸት የሚገባኝ በሻርኮቹ ነው። ሳይነኩት ሻርክ ነክሶት የሚሞተው ሰው በመላው ዓለም በዓመት አሥር እንኳ የሚሞላው ከስንት አንዴ ነው። ሰው የሚገድለው ሻርክ ግን በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ገምተዋል፤ ከፊሉ ለክንፉ ሲባል። እንዲህ የሚያልቅን ፍጥረት ጭራቅ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም አራት ጊዜ ማየቴ ይከነክነኛል። ለተማሪዎቼ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ፊልሙንም አልተውኩም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ሐረጎን ጠምዝዞ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ በባቲ አድርጎ ሚሌን አልፎ ያን በረሃ ይያያዘዋል። በ1990 መንገዱ ሲዘጋ ቆመ። ሲመለስ ስለ ባሕሩ ያወራልን ነበር፤ ሌሊት ወደብ ላይ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ውሃው ሲተነፍስ እንደሚሰማው። ከሞተ ቆይቷል። እማዬ ከሐይቅ ሌላ ትልቅ ውሃ አይታ አታውቅም።

ፊልሙ ላይ ካሜራው ከፍ ብሎ ባሕሩን ብቻ የሚያሳይበት ቦታ አለ። ሻርክ የለም፣ ሰው የለም፣ ሰማያዊ ውሃ ነው እስከ ጥግ። እማዬ ስኒዋን እንደያዘች ጠጋ አለች።

«አባትህ ያየው ይሄን ነው?»

«ያ ቀይ ባሕር ነው እማዬ። ግን እንዲህ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች።

«እስቲ ወደ ኋላ መልሰው» አለችኝ።

መለስኩላት።