«እናቷን ጣለች» አትበሉ

ዛሬ ጎረቤታችን እናቷን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወዳለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስታስገባ አብሬያት ነበርኩ። እማማን የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። ሲመሽ ይረበሻሉ (የሕመሙ ጠባይ ነው)፤ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ በር በሩን ይላሉ፣ እዚያው ቤታቸው ሆነው።

ልጅቷ የእናቷን ነጠላና ረከቦት ይዛ ገባች። ነርሷ ጥሩ ነገር ነገረቻት፦ «‹አወቁኝ ወይ?› ብለሽ አትፈትኛቸው፤ ስምሽን ተናግረሽ ግቢ። የድሮውን አጫውቻቸው፤ ቶሎ የሚጠፋው የቅርቡ ነው።»

እኔን ያንገበገበኝ የሰፈሩ ሐሜት ነው። ሌሊቱን በር ስትጠብቅ ያደረችውን ማን አየላት? ለቅሶ ሲሆን እንጀራና ወጥ ይዘን እንደርሳለን። ለእሷም ዛሬ ማታ እንግባላት፤ ቤቱ ጭር ብሎባታል። እማማን ቅዳሜ እንጠይቃለን፤ መኪና ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።