የአጎቴ ካስማዎች

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው የሄድኩት፣ አጎቴ ታሟል ተብሎ። ከባሕር ዳር ወረታ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ናበጋ በባጃጅ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃ ለጭቃ። የባጃጁ ልጅ "ከዚህ ወዲያ ዋልካው አያስኬድም" ብሎ አወረደኝ። በኅዳር! ልጅ ሆኜ በዚህ ወቅት እዚህ መንገድ ላይ አቧራ ነበር የምናቦነው።

አጎቴ ተሽሎት አገኘሁት። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀም፣ "ና ላሳይህ ልጄ" ብሎ ወደ ጣና ሐይቅ ይዞኝ ወረደ።

ከጓሮው ጀምሮ የባሕር ዛፍ ካስማዎች ተተክለዋል። በየዓመቱ የመስቀል ማግስት ውሃው የደረሰበት ላይ አንድ ይተክላል። ሰው ሳይነግረው፣ ለራሱ። አንዳንዱ ራቅ ብሎ ታች ቆሟል፣ ሁለቱ አሁንም ውሃ ውስጥ ናቸው። የዘንድሮው ከጎተራው ሥር ነው። በስንዝር ለካሁት፣ እስከ ጎተራው መቆሚያ ድንጋይ አራት ስንዝር ብቻ። የቤቱ ግድግዳም ላይ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ምርጊቱ እንዳለ ነው፣ ከታች ግን ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። አንዱን እንጨት በጣቴ ጫን ስለው ገባልኝ። በስብሷል።

ዳሩ ላይ ስንደርስ አፈሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ይመጣል፣ ከሥር ይልሰዋል፣ ከዚያ ከላይ ያለው ዋልካ ተሰንጥቆ ዘፍ ይላል። እኔ ቆሜ እያየሁ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ድሮ እዚህ ደንገል ነበር፣ ያ በውሃ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሳይ ተክል። ማዕበሉን የሚሰብረው እሱ ነው፣ አሁን ግን የለም፣ ስለዚህ ውሃው በቀጥታ አፈሩን ነው የሚመታው። ደንገሉ ለምን እንደጠፋ ስጠይቀው አጎቴ "በ95 ነው የሄደው" አለኝ፣ ስለሞተ ሰው እንደሚያወራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጣና ዝም ብሎ ተፈጥሮ እንደሚያዘው የሚኖር ሐይቅ ይመስለዋል። አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ጨረጨራ የሚባል ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. ሲሠራ ሁለት በር ነበረው፣ በ1993 ሰባት ሆነ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ በኩል ጣና በለስ የሚባለው የኃይል ማመንጫ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውሃውን ይወስዳል፣ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ስለዚህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ እነዚህን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። በ1995 ዝናብ አጠረ፣ ለመብራት ደግሞ ብዙ ውሃ ተለቀቀ፣ የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1785 ሜትር በታች ወረደ፣ መርከቦቹ አራት ወር ያህል ቆሙ። ደንገሉ ደረቀ። ሰውም በባዶው መሬት ላይ አረሰ፣ ከብቱም ገባበት፣ ደንገሉ እዚህ ሰፈር ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ባሕር ሸሽ ይሉታል፣ ውሃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት። የአጎቴ ኑሮ እሱ ነው። ከመስቀል በኋላ ውሃው እያፈገፈገ ሲሄድ እየተከተለ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ እርጥበቱ ብቻውን ያበቅለዋል። ጊዜው ግን ሳምንት ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ውሃው ቆይቶ ከሸሸ ዘሩ ይዘገያል፣ እርጥበቱ ሳይበቃው ይቀራል። ሸሽቶ ከተመለሰ ደግሞ ዘሩ ራሱ ይሄዳል። ዘንድሮ ውሃው ቆየ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የበሮቹ አይደለም። ሐይቁ ድሮም በክረምትና በበጋ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል ይወርዳል። የአጎቴ ሰፈር ያለበት የፎገራ ሜዳም ድሮም ይጥለቀለቅ ነበር፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሲመጡ ሐይቁ ሙሉ ከሆነ መግቢያ አጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ በ98 ክረምት ያ ሁሉ ሰው የተፈናቀለው እንዲያ ነው። ደግሞም በር መክፈት ቶሎ አያድንም። አንዱ በር በሰከንድ 70 ሜትር ኩብ ያህል ነው የሚያሳልፈው፣ ሰባቱም ተከፍተው ሐይቁ በቀን የሚወርደው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነዋ! ግን ፎገራ ሜዳ ነው፣ እንደ ምጣድ የተዘረጋ። እዚያ አንድ ስንዝር ውሃ ማለት ስንት ጥማድ መሬት መሰላችሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አጎቴን "በሩ መቼ እንደሚከፈት ይነግሯችኋል?" አልኩት። "ማን?" አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ከዚህ ግድብ ጋር ሲኖር አንድ ሰው መጥቶ በዚህ ሳምንት ውሃው ይጨምራል፣ ወይም ይቀንሳል፣ ዘርህን አቆይ ብሎት አያውቅም። ቀበሌው ስልክ አለው። አጎቴም ስልክ አለው፣ ልጆቹ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈውለታል፣ ከመስመሩ በላይ። ሐይቁ ቀስ ብሎ ስለሚወጣና ስለሚወርድ እኮ ማስጠንቀቂያ መስጠት የሚቻልበት ሐይቅ ነው። የሚጠይቀው አንድ ጥሪ ነው፣ አለቀ።

በማግስቱ ተመለስኩ። ባሕር ዳር ስደርስ ቤቴ ሳልገባ ወደ ጨረጨራ ሄድኩ። የሚታየኝ ቦታ ላይ ቆሜ በሮቹን ቆጠርኩ፣ እንዳልሳሳት ሁለቴ። ሁለቱ ናቸው ውሃ የሚያሳልፉት፣ ሌሎቹ ዝግ ናቸው። ደወልኩለት።

"ስንቱ ክፍት ነው?" አለኝ ገና ሰላም ሳልለው።

"ሁለቱ።"

ዝም አለ። ከብት ሲጮህ ይሰማኛል። "እንግዲያ ሽምብራውን አላወጣም፣ በጆንያው ይቆይ" አለ። "ለሰንበት ደግሞ እይልኝ፣ እሺ ልጄ?"