ቀሪው ምን ይሆናል? ከልጄ ጋር ረጅም ማካፈልን የተለማመድንበት መንገድ

ልጄ አምስተኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ቤት ባሳለፈችበት ጊዜ ረጅም ማካፈልን አብረን ተለማመድን። ደብተሯን ሳገላብጥ አብዛኞቹ ስሌቶቿ ትክክል ነበሩ፤ በቃላት የቀረቡት ጥያቄዎች ላይ ግን መልሷ ሁልጊዜ «ድርሻ 17፣ ቀሪ 2» በሚል ዓይነት አጻጻፍ ያበቃል። ጥያቄው 53 ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው እንዲቀመጡ ስንት ዴስክ ያስፈልጋል የሚል ነበር፤ መቀመጫ ስላጡት ሁለት ተማሪዎች መልሱ ምንም አይናገርም። ማስላትና የስሌቱን ውጤት መተርጎም ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ስለሆኑ ለየብቻ እንድንለማመዳቸው ወሰንሁ።

በስሌቱ ላይ ብዙ አልቆየንም። አኃዞቹ ከቤታቸው እንዳይወጡ ባለ ካሬ ደብተር ተጠቀምን፤ ከመጀመራችን በፊትም ድርሻው ባለ ስንት አኃዝ እንደሚሆን አስቀድማ እንድትናገር አደረግሁ። ይህ ልማድ ከሁሉም በላይ የጠቀመን 1836ን ለ6 እንደማካፈል ባሉ ጥያቄዎች ላይ ነው። 18 መቶዎች ለ6 ሲካፈሉ 3 መቶዎች ስለሚሆኑ ድርሻው ባለ ሦስት አኃዝ መሆን አለበት፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ በአስሮች ቤት የሚገባውን ዜሮ ዘልሎ በ306 ፈንታ 36 ብሎ አያቆምም። አካፋዩ ባለ ሁለት አኃዝ ሲሆን ደግሞ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ብዜቶቹን በገጹ ዳር ጽፈን እንጀምራለን። መጨረሻ ላይ ድርሻውን በአካፋዩ አባዝታ ቀሪውን ስትደምር ተካፋዩን ማግኘት አለባት፤ ቀሪውም ምንጊዜም ከአካፋዩ ያንሳል።

ትርጓሜውን ያለማመድኋት አንድን ስሌት ለብዙ ጥያቄዎች በማዋል ነው። 200 እንቁላሎች አሉ፣ አንድ ትሪ 30 ይይዛል እንበል። 200 ለ30 ሲካፈል ድርሻው 6፣ ቀሪው 20 ነው። ሻጩ ሙሉ ትሪዎቹ ስንት ናቸው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ 6 ነው፤ ቀሪው ይተዋል። ሁሉንም እንቁላል ለማጓጓዝ ስንት ትሪ ያስፈልጋል ከተባለ 7 ይሆናል። ሳይሞላ በቀረው ትሪ ላይ ያሉት 20 ናቸው፤ እሱን ለመሙላት ደግሞ 10 እንቁላል ይጎድላል። አራት መልሶች ከአንድ ስሌት ወጡ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፦ ከማካፈሏ በፊት የመልሱን ዓረፍተ ነገር ቁጥሩን ክፍት አድርጋ ትጽፋለች፤ «___ ትሪዎች ያስፈልጋሉ» ብላ ከጻፈች 20ዎቹን እንቁላሎች የት እንደምታደርጋቸው ማሰቧ አይቀርም። እንደ እኔ እምነት ካደረግነው ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

የሚካፈለው ነገር ጠባይም ወሳኝ ነው። 50 ኪሎ ጤፍ ለ8 ቤተሰብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ደርሶ 2 ኪሎ ይተርፋል፤ ጤፍ ግን በግራም ይመዘናልና 2 ኪሎውን ወደ 2000 ግራም ለውጠን ማካፈሉን እንቀጥላለን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ 250 ግራም ተጨምሮለት 6.25 ኪሎ ይወስዳል። 50 ልጆች በ8 ቡድን ሲከፈሉ ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው፤ ልጅ ግን አይከፋፈልም፤ ስለዚህ ሁለት ቡድኖች ሰባት ሰባት፣ ስድስቱ ደግሞ ስድስት ስድስት ልጆች ይኖሯቸዋል። የነጥብ ቁጥርን ትርጉም በዚህ መንገድ ማስተማር ደንቡን በማስሸምደድ ብቻ ነጥቡን ከማስጨመር እጅግ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የወደደችው ግን ባሕረ ሐሳብን፣ ዘመንና በዓላት የሚሰሉበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ቀሪው ራሱ የሚፈለገው መልስ ነው። 2018 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራበትን ወንጌላዊ ለማወቅ 5500 ዓመተ ኩነኔን (ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠሩትን ዓመታት) በ2018 ላይ ደምረን 7518 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ እናገኛለን፤ ይህን ለ4 ስናካፍል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ይሆናል። ቀሪው 1 ሲሆን ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ስለሆነ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው።

«አባዬ፣ ታዲያ ድርሻው ለምን ያስፈልገናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ መልሱም እዚያው ስሌት ውስጥ አለ። ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ስንደምር 9397 ይሆናል፤ ይህን ለ7 ስናካፍል 3 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን ዕንቁጣጣሽ ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ዜሮ ሲሆን ሰኞ ነው። የ2018 መስከረም 1 በእርግጥም ሐሙስ ነበር። በዚህኛው ስሌት ግን ድርሻው የሆነው 1342 ለምንም ሳንጠቀምበት ይቀራል። በአንዱ ስሌት ድርሻውም ቀሪውም ሥራ አላቸው፣ በሌላው ቀሪው ብቻ፤ ይህን በገዛ እጇ ሠርታ ማየቷ እኔ በቃል ከማስረዳው በላይ አስተማራት።

ባለ ሁለት አኃዝ አካፋይን ስንለማመድም ከባሕረ ሐሳብ አልወጣንም። 7518ን ለ19 ስናካፍል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። ከወንበሩ ደግሞ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ለማውጣት የሚያገለግሉት አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ፣ 12 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ይሆናል። የሁለቱ ድምር 30 ስለሚመጣ ስህተት ቢኖር ራሷ ትደርስበታለች።

አሁን ጥያቄውን የምታወጣው እሷ ናት፤ እኔ ሁለት ቁጥሮች እሰጣታለሁ፣ እሷም ድርሻው የሚፈለግበት፣ አንድ የሚጨመርበትና ቀሪው ብቻ የሚፈለግበት ሦስት ጥያቄ ትጽፋለች። 365ንና 7ን ስሰጣት የልደት ቀኗ በየዓመቱ አንድ ቀን ለምን እንደሚሻገር፣ ባለ ስድስት ቀን ጳጉሜን መካከል ሲገባ ደግሞ ለምን ሁለት ቀን እንደሚሻገር የሚጠይቅ ጥያቄ አወጣች። 365ንና 30ን ስሰጣት ደግሞ 12 ደርሶ 5 እንደሚተርፍ አሰላችና «ለእነዚህ አምስት ቀናት ምን ስም እንሰጣቸው?» ብላ ጻፈች።