ማክሮፌጅን በየትኛው ዓምድ ላስፍረው?

በዚህ ወር ሳጠና የቆየሁት በኢንዶሜትሪዮሲስ ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ያላቸውን ድርሻ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም ነው። ጆን ሳምሶን እ.ኤ.አ. በ1927 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ እየተመለሰ ሕዋሳትን እዚያ ይዘራል። ደሙ ግን በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚመለስ ሲሆን፣ የሚታመሙት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ሌሎቹን ምን ጠበቃቸው? ወደ መከላከያ ሕዋሳት የመራኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ደብተሬ ላይ «የሚከላከሉ» እና «የሚያባብሱ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሰመርኩ። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት አላስቸገሩኝም፤ በታማሚዎች የሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ የመግደል አቅማቸው ስለሚዳከም፣ ሥፍራውን የሳተው ሕዋስ ሳይወገድ የመቅረት ዕድል ያገኛል።

ያስቸገረኝ ማክሮፌጅ ነው። በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይህ ሕዋስ ፍርስራሽን እየዋጠ ማጽዳት ሲገባው፣ በሕመሙ ጊዜ የመዋጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ ይባስ ብሎም ባዕዱን ኅብረ ሕዋስ እንደሚጠገን ቁስል በመቁጠር፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉለት የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ማክሮፌጆች እንዲመናመኑ ሲደረግ፣ የተተከለው ኅብረ ሕዋስ ቢጣበቅም እንደሚገባው አላደገም። እኔ ማክሮፌጅን ያለ ማመንታት ከተከላካዮች ጎን ጽፌው ስለነበር፣ ይህን ሳነብ ገጹን እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ።

የበለጠ ግልጽ ያደረገልኝ የናሙና ሥዕል ነው። ሥፍራውን በሳተው ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ካሉት እጢዎች አጠገብ ያሉት ማክሮፌጆች ሆዳቸው በቡናማ ቅንጣት ተሞልቶ ይታያል፤ ቅንጣቱ ከዋጡት ደም የቀረ ብረት ሲሆን፣ ብረትን በሚለየው ማቅለሚያ ሰማያዊ ይሆናል። በየወሩ የሚደማ ቦታ በየወሩ አጽጂ ይጠራል፤ የተጠራው አጽጂም እዚያው ቀርቶ እብጠቱን ያራዝማል።

አሁን ሁለቱን ዓምዶች ሰርዤ «ከየት መጣ?» በሚል አንድ ዓምድ ተክቻቸዋለሁ፤ በአይጦች ላይ እንደታየው ከማህፀን ሽፋን የመጡት ማክሮፌጆች እድገቱን ሲያግዙ፣ ከደም መጥተው በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚሰፍሩት አንዳንዶቹ ይገቱታልና። ቀጣዩ ንባቤ ስለ ሕመም ስሜቱ ይሆናል፤ ነርቮች ማክሮፌጆችን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ ማክሮፌጆችም በተራቸው ነርቮችን ያሳድጋሉ።